ተራፊ የሌለበት ቤት

ሄርሜላ፣ ሶልያና፣ ያፌት፣ ኤልናታን። እነዚህ የአሮጌ ሰው ስሞች ከሆኑ ቆይተዋል። በአንድ ዘመን የሕፃናት መጠሪያ ነበሩ ቢባሉ የብሎክ አሥራ ዘጠኝ ልጆች አያምኑም። ስም ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። የማያረጀው ደንብ ነው።

ወይዘሮ ሄርሜላ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ያን ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አምስት ከረጢቶቿን አንጠልጥላ ከአራተኛ ፎቅ ወረደች። ወገቧን ካመማት ሰንብቷል። ቢሆንም ደረጃው ላይ ሰው ሲያጋጥማት ቀና ትላለች፤ ባሏ ለእረፍት ሐዋሳ የሄደ ሴት፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ያለች ሴት፣ ወገቧን ምን ሊያማት ይችላል?

በብሎኩ መግቢያ ፊት ለፊት ግንብ አለ። ግንቡ ላይ ሠላሳ ሁለት ረድፍ መንጠቆ ተተክሏል፤ ለአንድ ቤት አንድ ረድፍ፣ በአንድ ረድፍ አምስት መንጠቆ። አንዱ የምግብ፣ አንዱ የወረቀት፣ አንዱ የላስቲክ፣ አንዱ የብረትና የጠርሙስ። አምስተኛው ተራፊ ይባላል፤ ከአራቱ ያልገባው ሁሉ የሚገባበት ነው። ከረጢቱ ሲሰቀል መንጠቆው ይመዝናል፣ ያሸታል፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይበራል።

ሕጉ አጭር ነው። ቆሻሻችሁን ለይታችሁ አውጡ ይላል፣ ሌላ አይልም። መኪናው ሰው ሳይዝ የሚመጣው በሦስት ሰዓት ስለሆነ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ቢሰቀል ማንም አይከስስም። በአሥራ ሁለት ሰዓት ይሰቀል ያለው ሰው ነው። ከረጢቱ ውስጡን የሚያሳይ ይሁን ያለውም ሰው ነው። ሥራ የሚሄደው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው፣ ልጅ የሚያደርሰው ሁሉ በግንቡ በኩል እንዲያልፍ የእግር መንገዱን ያዞረውም ራሱ ሰው ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷን ቤት መንጠቆ ሦስት ሳምንት መመልከት ደንብ ከሆነ ቆይቷል። ሙዝ የመግዛት አቅም የሌለው ቤት የሙዝ ልጣጭ ከየት አምጥቶ እንደሚሰቅል አይጠየቅም። ተራፊ ግን ያሳፍራል። አንድ ጭብጥ ለማንም አይቀርም ተብሎ ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ ይበራል፣ ሰውም እየቀነሰ ሰላም ይላል።

የሄርሜላ አራት መንጠቆዎች አረንጓዴ በሩ። የተራፊውን ከረጢት አጥባ፣ አድርቃ፣ ባዶውን ሰቀለችው። ጎኗ ወይዘሮ ሶልያና ቆማለች፤ ከእሷ ቤት በታች፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው።

«እንዴት አደርሽ እትዬ ሄርሜላ? ከረጢትሽ እንዴት አደረ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያንቺስ?»

«ይመስገን። ጋሼስ? ሐዋሳው ተስማማው?»

«ተስማምቶታል። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር እየወጣ ይንሸራሸራል ትላለች ልጄ ሜላት።»

«ተመስገን።» ሶልያና ከነጠላዋ ሥር አንድ ቋጠሮ አወጣች። «የአጥሚት ዱቄት ነው። ሰው ስታገኚ ላኪለት። ሦስት ጊዜ ነፍቼዋለሁ፤ ልሟል፣ ጉሮሮ አይዝም።»

ሄርሜላ ሐይቅ ዳር ለሚንሸራሸር ሰው አጥሚት ምን እንደሚያደርግለት አልጠየቀችም። ስጦታ አይጠየቅም። ተቀብላ፣ መርቃ፣ ወደ ላይ ወጣች።

በሯን የሰውነቷን ስፋት ያህል ብቻ ከፍታ በጎን ገባች፣ ዘጋች። ከዚያ የመኝታ ቤቱን በር ከፈተች።

«መጡ?» አላት ባሏ ኤልናታን ከአልጋው ላይ።

«እነማን?»

«ሰዎቹ ናቸዋ። ጠያቂዎቹ።»

«ይመጣሉ።»

«መታመሜን ነግረሻቸዋል?»

«ነግሬያቸዋለሁ» አለች ሄርሜላ፣ ብርድ ልብሱን እየገለጠች።

ኤልናታን ሰባ አራት ዓመቱ ነው። እግሩ ከከዳው ዓመት ሊሞላው ነው፤ አእምሮውም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። በቀን ሦስት ጊዜ ዳይፐር ትቀይርለታለች። አገላብጣ ታጥበዋለች፣ ቅባት ትቀባዋለች፣ ያወጣችውን በጋዜጣ ትጠቀልለዋለች፣ ኖራ ትነሰንስበታለች፣ በወፍራም ላስቲክ ታስረዋለች። መጀመሪያ አልጋው ሥር ታስቀምጥ ነበር። አልጋው ሥር ሲሞላ ቁም ሳጥኑን ባዶ አደረገችው። ቁም ሳጥኑ ሲሞላ ሁለቱን ሻንጣዎች ከፈተች፤ አንደኛው ለጫጉላቸው የገዙት ነው። አሁን ከግድግዳው ጥግ እስከ መስኮቱ ተደርድሮ መጋረጃውን ነክቷል። ኖራው እጇን ሰነጣጥቆታል። ሽታውን ለምዳዋለች፣ ወይም ለምጄዋለሁ ብላለች።

ጨርቅ አድርጋ ለምን አታጥብም የሚል አይጠፋም። የሕፃን ጨርቅ ታጥቦ ገመድ ላይ ሲሰጣ ያምራል፤ የአዋቂ ጨርቅ ግን ገና ከርቀት የማን እንደሆነ ይናገራል። ባሏ ሐዋሳ የሄደ ሴት ምን ብላ ታሰጣዋለች?

«ቆራሌው!» አለ ኤልናታን ድንገት፣ በሙሉ ድምፁ። «ቆራሌው!»

ሄርሜላ ሮጣ ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። እሱ ልጅ ሳለ ጆንያ የተሸከመ ሰው በየሠፈሩ እየጮኸ ያልፍ ነበር፤ ያረጀ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ ይገዛል። ቆራሌው እየተባለ ይጠራ ነበር። ከወሰደ በኋላ የት እንደሚያደርሰው ማንም አይጠይቀውም፤ ቆሻሻ ከቤት ወጣ ማለት አለቀ ማለት ነበር። አሁን ኤልናታን በየጠዋቱ ይሰማዋል፣ በየጠዋቱም ይጠራዋል። ትራሱ ሥር ሁለት ባዶ ጠርሙስ ደብቆለታል። «በርካሽ እንዳትሰጪው» ይላታል፣ «ይኼ ሰውዬ ቀማኛ ነው።» ሄርሜላ በሌላ ጊዜ ብትሆን ትስቅ ነበር።

መንጠቆውን ለብሎኩ ያመጣው እሱ ነው።

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ የከተማው መጣያ ሞልቶ የተዘጋ ጊዜ፣ ቆሻሻው ደረጃው ሥር ተከምሮ ልጆች በአይጥ ይነከሱ ነበር። ኤልናታን የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሁለት መንጠቆዎች በገዛ እጁ ቆርጦ በየደጃፉ በየዳቸው። እያንዳንዱ የየራሱን ይስቀል፣ ሁላችንም እንተያይ አለ። ሰው ተፋፈረ፣ ለየ፣ ብሎኩ በሦስት ወር ጸዳ። አይጡ ጠፋ። ከሌላ ብሎክ እየመጡ አዩ፣ ወሰዱ፣ በኋላ መንግሥትም የሚበራውን አምጥቶ ተከለበት። እዚህ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ ኤልናታን የእድሩ ጸሐፊ ሆኖ ሲመረጥ አንድ አንቀጽ አረቀቀ፦ ሦስት ጊዜ ቀይ የበራበት ቤት ከእድር ይወጣል። ቆሻሻውን ደብቆ የተገኘ ቤትም እንዲሁ። አይቶ ያልተናገረ ጎረቤትም እንዲሁ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሄርሜላም አጨብጭባለች።

የመጀመሪያው የወጣ አቶ ናኦድ የሚባል አንደኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ነበር። ከአልጋ የማይነሱ እናት ነበሩት። ሦስተኛው ቀይ የበራ ዕለት ስብሰባው ፊት ቆሞ «ሰው ባለበት ቤት ተራፊ አይጠፋም» አለ፤ ከዚያ በላይ አልተከራከረም። ቃለ ጉባኤውን ያነበበው ኤልናታን ነው። እናቲቱ በዚያው ክረምት ሞቱ። ድንኳን አልተተከለም፣ ጡሩምባ አልተነፋም። የማዘጋጃ ቤት መኪና መጣ፣ አራት ሠራተኞች ሬሳውን አወረዱ፣ ናኦድ ብቻውን ከኋላ ተከተለ። ሠላሳ አንድ ቤት መጋረጃውን ዘግቶ ነበር። ሄርሜላ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ አይታለች። ናኦድ ዝናብ ላይ ጃንጥላ አልያዘም ነበር።

ኤልናታን ስለዚያ ቀን ለዓመታት ትንፍሽ አላለም። መታመም የጀመረ ሰሞን ግን፣ አእምሮው ገና ሳይሄድ፣ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«የናኦድን እናት ስማቸውን ታስታውሺዋለሽ?»

ሄርሜላ አሰበች፣ አጣችው።

«እኔም ጠፍቶኛል» አላት። «ሄርሜ፣ እኔን እንዲያ እንዳታስቀብሪኝ። ሰው ይቅበረኝ።»

«ሰው ነው የሚቀብርህ» አለችው። ቃል ገባችለት።

ከዚያ ዳይፐሩ መጣ፣ መንጠቆዋም አንዴ ቀይ በራ። በሳምንቱ ደገመ። የእድሩ ዳኛ አቶ ያፌት እቤቷ ድረስ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ በጣም በትሕትና «እትዬ፣ የቀረሽ አንድ ነው» አላት። ልጇን ሜላትን ሐዋሳ ውሰጂው ብላ ለመነቻት። ሜላት በስልኩ ውስጥ ብዙ አለቀሰች፤ እሷም መንጠቆ አላት፣ አማት አላት፣ ሦስት ልጆች አሏት። በማግስቱ ሄርሜላ ኤልናታን ሐዋሳ ልጁ ዘንድ ሄደ ብላ አወራች። ሲሄድ ያየው ሰው የለም። ሲሄድ አላየሁትም ያለም የለም። ይኸው ስምንት ወር።

ቅዳሜ ጠዋት በሶልያና ዱቄት አጥሚት ሠርታ አጠጣችው። በደንብ ጠጣ። ፊቱ ጠራ ብሎ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ትፈራለች።

«ሰው መጣ?» አላት።

ስምንት ወር ሙሉ ይመጣሉ ስትለው ኖራለች። ያን ቀን ደክሟት ይሁን አሳዝኗት፣ «መጥተዋል» አለችው። «ሳሎን ተቀምጠዋል። ብዙ ናቸው።»

«እንዲህ ሆኜ?» ብሎ ፀጉሩን ዳሰሰ። «በይ አበጥሪኝ።»

አበጠረችው። ሸሚዝ አምጪ አለ፣ አለበሰችው። የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈችለት። «ከረጢቱን ሰቅዬ ልምጣ፣ ከዚያ አስገባቸዋለሁ» ብላ ወረደች። ሰቀለች፣ ሰላም አለች፣ አረንጓዴ በራላት፣ ተመለሰች። ኤልናታን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሞቶ ነበር።

ሄርሜላ አልጮኸችም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ብትጮኽ ሰው ይመጣል። ሰው ከመጣ የሐዘን ቤት ደንብ አለ፤ አርባ ቀን ሐዘንተኛ ከረጢት አይነካም፣ ቆሻሻውን ጎረቤት ገብቶ ይለያል። ደግ ደንብ ነው። የዛሬን አያድርገውና ስንቱ ቤት ገብታ ለይታለች። ገብተው ግን ከግድግዳ እስከ መጋረጃ የተደረደረውን ያያሉ፣ ሐዋሳ ያለውን ሰው አልጋው ላይ ያገኙታል። ከዚያ አራት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ይመጣሉ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ ለሄርሜላ ግን ከአሟሟቱም አቀባበሩ ነበር የጨነቃት። ገላውን አጥባ ሸሚዙን መልሳ አለበሰችው። አገጩን አሰረችው። ምን እንደምታደርግ አጣችና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወረደች።

ሶልያና በሩን የከፈተችው ሳይንኳኳ ነው።

«ሶልያና፣ ኤልናታን…» አለች ሄርሜላ።

ሶልያና መቼ አላለችም፣ የት አላለችም። ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት፣ በሩን ዘጋች። «እንዳትጮኺ» አለቻት በሹክሹክታ፣ «ገና ነው። ያፌትን ልጥራው።» ጥቁር ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር።

ሦስቱ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ያፌት ከስምንት ወር በኋላ በዚያ በር የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። መኝታ ቤት ሲገባ ወደ ቁም ሳጥኑ አላየም፣ ወደ ጥጉ አላየም፤ አፍንጫውንም አልያዘም። ቀጥ ብሎ ሟቹን ብቻ አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎም «ሐዋሳ ነው ያረፈው» አለ።

«ኧረ እዚህ ነው» አለች ሄርሜላ። «አልጋው ላይ ነው። ይኸው።»

«እትዬ» አላት ቀስ ብሎ። «ሐዋሳ ከሆነ ድንኳን አለ፣ ጡሩምባ አለ፣ ሠላሳ አንድ ቤት ነቅሎ ይወጣል። እዚህ ከሆነ ስምንት ወር የት ከርሞ ነው እንባላለን። አንቺም፣ እኛም።»

ሄርሜላ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«ታውቁ ነበር?»

ያፌት ኮፍያውን ማገላበጥ ያዘ። የመለሰችላት ሶልያና ናት። «ቆራሌው ሲል እኮ የኔ ጣሪያ ላይ ነው። በየጠዋቱ። ብሎኩ ሁሉ ይሰማዋል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ጨዋታ አድርገውታል።»

«እንዲህ ከሆነ አንድ ቀን እንኳ… በሩን…» አለች ሄርሜላ። «ሰው መጣ ወይ እያለ ነው የሞተው። በየቀኑ። ሰው መጣ ወይ እያለ።»

«ብንገባ እናያለን» አለች ሶልያና፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ካየን መናገር አለብን። አይቶ ያልተናገረም እንዲሁ ይላል፤ ደንቡ የሱ ነው፣ ታውቂዋለሽ። ለአንቺ ብለን ነው ያልመጣነው እትዬ። አጥሚቱን እንኳ የላክሁት ሆዴ አልችል ቢለኝ ነው።»

ሄርሜላ በዚያች ደቂቃ ጠላቻቸው። ከልቧ ጠላቻቸው። እነዚህ ሰዎች ከወለሉ በታችና ከግድግዳው ባሻገር ሆነው የባሏን ጩኸት ሲሰሙ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ተስማማው ወይ ሲሏት፣ እሷም ተስማምቶታል ስትል፣ ስምንት ወር አልፏል። ስለ ደግነታቸውም ማመስገን እንዳለባት ገባት፤ ይኼ ነው የባሰ ያንገበገባት። ውጡልኝ ለማለት አፏን ከፈተች። ኤልናታን የአንገቱ ቁልፍ እንደተቆለፈ፣ ፀጉሩ እንደተበጠረ ተኝቷል። ሰው ይቅበረኝ ብሎ ነበር።

«ይሁን» አለች።

የቆሻሻው መኪና ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ከረጢቶቹን ወሰደ። አራት ሰዓት ላይ አምስት ወንዶች በካልሲ ሆነው ወጡ። ኤልናታንን በጋቢ ጠቅልለው በኋለኛው ደረጃ አወረዱት። ሦስተኛው ፎቅ ጠመዝማዛ ላይ የአንደኛውን ጉልበት ብረቱ ቢመታው ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ድምፅ አላወጣም። በየፎቁ በሮች ተዘግተው ነበር። የእድሩ መኪና ሬሳውን ይዞ ወደ ደቡብ መውጫ ሄደ፤ ሜላት ከሐዋሳ እየመጣች ስለሆነ መንገድ ላይ ተገናኝተው አብረው እንዲመለሱ ተባለ።

ከዚያ ደግሞ መርዶ ነበረ። ባሏ ሩቅ አገር የሞተባት ሴት መርዶ ሳትረዳ አታለቅስም። ሄርሜላ ከታጠበው አልጋ አጠገብ ባለው ሳሎን ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሰባት ሰዓት ላይ ያፌትና ሦስት ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ፣ ገቡ፣ በወግ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አንሥተው፣ ስለ ሰው ልጅ ዕድሜ አንሥተው፣ እንግዲህ ልብሽን ጠንከር አድርጊ አሏት። ለቀባሪው አረዱት ሲባል ተረት ይመስላት ነበር። ሬሳውን ያጠበችበት ውሃ ገና ከእጇ አልደረቀም።

«ጋሽ ኤልናታን ሐዋሳ ላይ ዐርፈዋል» አላት ያፌት።

ሄርሜላ ጮኸች። ከጠዋት ጀምሮ፣ ምናልባትም ከስምንት ወር ጀምሮ ታፍኖ የኖረ ጩኸት ነበርና ሽማግሌዎቹ ደነገጡ። አንደኛው በኋላ ሲያወራ፣ እንዲያ ያለ መርዶ አረድቼ አላውቅም፣ ምንም እንዳልሰማች ሰው ነው የሆነችው ብሏል። በጩኸቱ መካከል ጡሩምባው በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ በተተከለው ድምፅ ማጉያ ተነፋ፦ ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ሲታከሙ የቆዩት የብሎካችን ባለውለታ…

መኪናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በፊት ለፊቱ በር ገባ። ሠላሳ አንድ ቤት ነቅሎ ወጥቶ ግቢው ጠቁሯል። ጠዋት ያወረዱት አምስቱ ወንዶች ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊት ቆመው ነበር። «ከሐዋሳ ድረስ! ሳናይህ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ጉልበቱን የተመታው እያነከሰ አለቀሰ። ማልቀሱ የውሸት አልነበረም፤ ኤልናታን አስተምሮታል፣ መንጠቆ ሲበይድ ብረት ይዞለታል። ሄርሜላ ሬሳ ሳጥኑ ላይ ስትወድቅ አንድ ነገር ብቻ ታያት፦ ሸሚዙ የአንገት ቁልፉ ጠዋት ሲያወርዱት ተፈትቶ ይሆናል፤ አሁን ማን ይቆልፍለታል።

ቀብሩ ትልቅ ነበር። ከሌላ ብሎክ የመጣው ሰው ብዛት ለወንበር አልበቃ አለ። ቃሏን ጠብቃለች።

በሁለተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ከብሎክ ሃያ የመጣች አንዲት ሴትዮ ጠጋ ብላ፣ «ለመሆኑ ማን አስታመማቸው?» ብላ ጠየቀች። የሄርሜላ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ሶልያና ቀደመቻት።

«ልጃቸው ነች እንጂ። እሷማ ምኑን አየችው? አልታደለችም።»

ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ለሐዘንተኛ የሚባል አንድ ማጽናኛ አለ፤ አስታመሽ ቀብረሻል፣ የሚቆጭሽ የለም ይባላል። ሄርሜላ ይኼን ለስንቱ ሰው ተናግራለች። አሁን ለእሷ የሚለው አልነበረም።

«ወይኔ እህቴን» አለች የብሎክ ሃያዋ ሴትዮ። «ውሃ እንኳ ሳታቀብዪው! ይኼ ነው የሚያንገበግበው።»

ሄርሜላ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተቻቸው።

«አዎ» አለች። «አልታደልኩም።»

አርባውን ቀን ጎረቤቶች እንደ ደንቡ ገቡ። ረቡዕና ቅዳሜ ማለዳ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ተራ በተራ ይመጣሉ፣ መኝታ ቤት ይዘልቃሉ፣ ከጥጉ አንድ አንድ ጭብጥ አንሥተው ዝም ብለው ይወርዳሉ። ከአንድ ጭብጥ በላይ የወሰደ የለም፤ አንድ ጭብጥ ለማንም አይቀርምና። ሄርሜላ በመስኮት ሆና ግንቡን ታያለች። የኤልናታን ስምንት ወር በሠላሳ አንድ ከረጢት ውስጥ ተከፋፍሎ ተሰቅሏል። ከአንደኛው የጠቀለለችበትን ጋዜጣ፣ ከሌላው ጋዜጣ ባለቀ ቀን ቀድዳ የጠቀለለችበትን አንሶላ አበባ ለየች። ሁሉም አረንጓዴ ያበራሉ። በአርባኛው ቀን ጥጉ ባዶ ሆነ፣ ሻንጣዎቹ ታጠቡ። ትራሱን ስታነሣ ሁለቱን ጠርሙሶች አገኘች፤ እነሱን አልሰጠችም።

አርባው ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከረጢቶቿን ይዛ በራሷ ወረደች። ቀላል ነበሩ፤ ወገቧም ትንሽ ተሽሏታል። ሰው ሁሉ ሰላም አላት፤ ከመቼውም በላይ። ሁለተኛ ፎቅ የገባችው አዲስ ሙሽራ፣ ሆዷ ገና መግፋት የጀመረው፣ አጠገቧ ትሰቅል ነበር። የሄርሜላን አምስተኛ ከረጢት፣ ታጥቦ ባዶውን የተሰቀለውን፣ ቆማ አየችው።

«እማማ ሄርሜላ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎ። እንዴት ቢያደርጉ ነው ቤትዎ ተራፊ የማይኖረው? እኔ የቱንም ያህል ብጠነቀቅ አይጠፋም።»

ሄርሜላ አየቻት። አቶ ናኦድ ያን ዕለት ስብሰባው ፊት የቆመበት ቦታ ከዚህ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው።

«ቤቴ ውስጥ ሰው የለማ፣ ልጄ» አለቻት።

ሙሽራዋ በአክብሮት ፈገግ አለችና ወደ ራሷ መንጠቆ ዞረች። ከረጢቱን ሰቅላ እስኪበራ ጠበቀች።